አያቴ ሐዲዱ ላይ የቆሙ ዕለት

ዛሬም የናፍጣ ሽታ ድንገት ሲያውደኝ፣ አቃቂ በሰቃ ከሐዲዱ አጠገብ ወደነበረው ግቢያችን ይመልሰኛል። ሽታው የእናቴ አባት፣ የአባባ ተሰማ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እኛ ዘንድ ገብተው፣ ናፍጣው ታጥቦ ያልለቀቀውን አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። ባቡር መምጣቱን ከሁላችንም ቀድመው ያውቁና «ልጆች፣ ከሐዲዱ ራቁ!» ብለው ይጮኹብን ነበር። ከእናታችን ቁጣ ይልቅ የእሳቸውን ድምፅ እንፈራ ነበር።

አንድ ክረምት ነገሩ በትንሽ በትንሹ ጀመረ። ምሳ በልተው፣ የታጠቡት እጅ ሳይደርቅ «ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» ይሉ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ሳቁን ተወችው። ሐምሌ ላይ ደግሞ፣ እኔ ሳልወለድ የሞተችው አያቴ ዝናብ እንዳይመታት እያሉ ጃንጥላ ይዘው በር ላይ ይቆሙ ጀመር። ጎረቤት «ጃጅተው ነው፣ ዕድሜ ነው» ይል ነበር፤ ሰው አድርጎባቸው ነው ያሉም ስለነበሩ እናቴ ጠበል ወሰደቻቸው።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ፊታቸው ወዝ አግኝቶ፣ እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠሩ ሲያጫውቱን የዳኑ መሰለን። አንድ ጠዋት ግን እናቴ ልብስ ስታሰጣ፣ ገና በወጉ መናገር ያልቻለውን ታናሽ ወንድሜን እጁን ይዘው ወጡ። ብስኩት ሊገዙለት መስሎኝ ተከተልኳቸው። ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ መሃሉ ላይ ቆሙ።

«አባባ፣ እዚህ አይቆምም!» አልኳቸው።

«ዝም በይ! የድሬዳዋውን እየጠበቅን ነው» አሉኝ፤ ቁጣቸው ልክ እንደ ድሮው ነበር።

ባቡሩ ከቃሊቲ በኩል ጡሩምባውን እየነፋ ብቅ አለ። እሳቸው ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው እጃቸውን ዘረጉ። ወንድሜን ጎትቼ ላስለቅቀው ብሞክር ጣቶቻቸው አልፈታ አሉኝ። የጮኽኩትን ጩኸት እስካሁን አስታውሰዋለሁ። እናቴ ከየት እንደመጣች ሳላያት ደርሳ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ገፍትራ ከሐዲዱ ወዲያ አብራቸው ወደቀች፤ ባቡሩ ፍሬኑ እያፏጨ በአጠገባቸው አልፎ ራቅ ብሎ ቆመ።

ነጂው እየተሳደበ ወርዶ መጣና አባባን ሲያይ ስድቡ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ጋሽ ተሰማ! እርስዎ ነዎት? እኔን መንዳት ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት!»

አባባ ከወደቁበት ሳይነሡ አተኩረው አዩት። ከዚያ ወደ ቆመው ባቡር ዞረው፣ እንደ ሕፃን ተገርመው፣ «ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

ሰውዬው አለቀሰ። ወንድሜ ጭረት እንኳ አልነካውም ነበር። እናቴ ጉልበቷ እየደማ አባቷን ደግፋ አነሣቻቸው፣ ካፖርታቸውን አራገፈችላቸው፣ እስከ ቤት ድረስ ክንዳቸውን ይዛ መራቻቸው። አባባ በጋውን ሙሉ ስለ ባቡር አንድም ነገር ሳያነሡ ቆይተው፣ ከፋሲካ በኋላ ዐረፉ።

አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። በቅርቡ አንድ ሐኪም የጭንቅላቷን ፎቶ አሳይቶኝ፣ «አንጎላቸው እየተኮማተረ ነው፤ ይኼ የምታዪው ጥቁር ሁሉ ባዶ የቀረ ቦታ ነው» ሲለኝ፣ የአባባም እንዲሁ ሆኖ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያኔ ምክንያቱን የሚነግረን አልነበረም፤ ነገር ግን በሰቃ ውስጥ አባባን የማያውቅ ስላልነበረ፣ ቢጠፉ እጃቸውን ይዞ የሚመልሳቸው አይታጣም ነበር። ዛሬ በሽታውን በስሙ አውቀዋለሁ፤ እናቴ ደረጃውን ወርዳ ብትሄድ የማን እናት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ግን በሕንፃው የለም።

ትናንት ምሳ ይዤላት ስገባ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችልኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ። የማን ልጅ ነዎት?»

እናቴ አንቱ ስትለኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ሳህኑን አስቀምጬ «ያንቺ ነኝ፣ እማዬ» አልኳት።

ፊቷ በደስታ ፈክቶ፣ «ልጅ አለኝ እንዴ?» አለችኝ።