የማዳም ጉልበት የተሳመ ዕለት

ጋቦዴ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የማገለግላት ስፔናዊት ማዳም ለአንድ ሳምንት ኢየሩሳሌም ሄዳ ተመለሰች። ወሬውን ለአክስቴ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ምላሴን ቁርጥ ያድርገው። አክስቴ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ ያረጀች የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ኢየሩሳሌምን ልሳለም ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሄደው በሰው ድጋፍ ነው። «እኔ ባልደርስ፣ የደረሰን ሰው ጉልበት ልሳም እንጂ» አለች።

እሁድ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ማዳም ቤት ከተፍ አለች። ማዳም በቁምጣ በሩን ከፈተች። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ክው አለች። እኔ ሳቄን ይዤ ወደ ጓዳ ልሮጥ ስል ማን ይለቀኛል፣ አስተርጉሚ ተባልኩ።

«መቃብሩን ተሳለምሽ ወይ በያት» አለች አክስቴ። በፈረንሳይኛ ጠየቅኳት።

ማዳም አንገቷን ደፋች። ኢየሩሳሌምን በአገሯ ሄሩሳሌን እንደሚሏት ነገረችኝ። ልጅ ሳለች ሆሳዕና በመጣ ቁጥር ዘንባባ ይዛ፣ አህያ ላይ የተቀመጠውን የጌታን ምስል እየተከተለች፣ ከአያቷ ጋር ከተማውን ትዞር ነበር። ለእሷ ሄሩሳሌን ማለት የአያቷ እጅ ነው። «እዚያ ስደርስ ግን ሰልፉ ረዘመ፣ ፀሐዩ በረታ። አይስክሬም በልቼ ተመለስኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም» አለች።

ላብ አጠመቀኝ። ያቺን አሮጊት በአይስክሬም ልግደላት? «የሕዝቡ ብዛት! መቃብሩን ስትሳለም እንባዋ አልቆም አለ፤ ያንቺንም ስም ጠርታለች» ብዬ ተረጎምኩ። ውሸት ሲጀምሩት ይጣፍጣልና አንድ ጧፍም አስበራኋት።

አክስቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ማዳም ዞራ ጥርት ባለ ፈረንሳይኛ፣ «አይስክሬሙ ጥሩ ነበር?» አለቻት።

ለካ ፈረንሳይኛ እየሰማች ያደገች የባቡር ሐዲድ ልጅ መሆኗን ረስቻለሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማዳምም ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

አክስቴ ግን ትከሻዬን ተደግፋ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ማዳም ልትከለክላት እጇን ስትዘረጋ፣ «ከተማዋን ረግጠሻል፤ እኔ ያንንም አላገኘሁ» አለችና ጉልበቷን ሳመችው።

እኔ በውሸት ያስለቀስኳት ማዳም፣ እዚያው በር ላይ የእውነቷን አለቀሰች።