የራሴን ልስን ያፈረስኩ ቀን

ለሳኝ ነኝ። ሐርጌሳ ውስጥ ስሠራ ከኖርኩባቸው ዓመታት የተረፈኝ ትልቁ አመል ግድግዳ ባየሁ ቁጥር በመዳፌ መዳበስ ነው። ሻይ ቤት ስቀመጥ እዳብሳለሁ፣ ሰው ቤት ስጠራ እዳብሳለሁ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አልምርም። ባለቤቴ "እባክህ ሰው ፊት እጅህን ሰብስብ" እያለች ታፍርብኛለች። ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ በሄድኩበት ቀን ጉዱን ያሳየኝ ያው አመሌ ነው።

ልጄ ኮድቡር በሚባል ሰፈር በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ናት። ክፍላቸው የረድፉ መጨረሻ ሲሆን ከጀርባው የውሃ ሮቶ ተቀምጧል። ደወሉ እስኪደወል ውጭ ቆሜ ግድግዳውን ስዳብስ ጣቴ ሰተት ብሎ ገባ። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ጣሪያውን እስከተሸከመው ቢም ድረስ ወጥቷል። ሮቶው ከመቼ ጀምሮ እንደሚያንጠባጥብ እንጃ፣ መሠረቱን አርሶታል። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ልጄ ትከሻዋን እዚያው ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ተመቻችታ ትጽፋለች።

በእኛ ሥራ የተሰነጠቀ ግድግዳ ቆሞ እንደሆነ ወይም ገና እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ስንጥቁ ላይ ቀጭን ጄሶ ይለጠፋል። ጄሶ ስለማይለጠጥ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። በማግስቱ ሄጄ ሦስት ቦታ ለጠፍኩ። በሳምንቱ ሦስቱም ለሁለት ተከፍለው ጠበቁኝ።

ዳይሬክተሯ የዚሁ አገር ሴት ናት፣ ያደገችው ግን ድሬዳዋ ነው። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፣ እንደ ድሬ ልጅነቷም አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም።

"እርስዎን ላስቸግርዎ አልፈልግም ነበር..." ብዬ ስጀምር፣ "አቦ እርስዎ እርስዎ አትበለኝ፣ አሳየኝ!" ብላ ተነሣች።

አሳየኋት። የተሰበረውን ጄሶ በጣቷ ነካች። "ወላሂ፣ ልጆቼን እዚህ ሥር ነው ያስቀመጥኩት?"

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። የሰው አገር ሰው ሆኜ የመንግሥት ግድግዳ ዘመመ ብዬ መክሰስ የእኔ ሥራ ነው ወይ ስል አንድ ሳምንት ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። ይህንንም ነገርኳት። "ልጅህ እዚህ አይደለም የምትማረው? በቃ!" አለችኝ። ያኔውኑ ሪፖርት ጻፈችና ባጃጅ ተሳፍራ ራሷ ለትምህርት ቢሮው አደረሰችው። ክፍሉን ለመዝጋት የቢሮው ፈቃድ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት ኢንጂነር እንደሚልኩ ነገሯት። ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ እዚህ አገር ትምህርት የለም። እፎይ አልኩ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የልጆቹ እናቶች መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ግቢውን ሞሉት። እንግዳ ሊመጣ ነዋ! መስኮት ታጠበ፣ ወንበር ተፈተገ፣ ግድግዳው ሁሉ ኖራ ተቀባ። እኔም የተሰበረ ደረጃ ልጠግን ዕቃዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ ሲያበራ የእኔ ስንጥቅ ብቻ ገጦ ቀረ። አንዷ እናት ጣቷን ቀስራ "እንግዳው ይህን አይቶ ምን ይለናል?" አለች።

ኃጢአቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ትንሽ ላድበስብሰው ብዬ ሲሚንቶ አቦካሁና መለሰኛዬን፣ ካዙላዬን አነሣሁ። አንድ እጅ ስለስን ሴቶቹ ከኋላዬ ተሰብስበው "ማሻአላህ!" አሉ። ለሳኝን ሰው አያመሰግነውም፤ ቤቱ ሲያልቅ የሚመሰገነው ቀለም ቀቢው ነው። ሁለተኛ እጅ ጨመርኩ። ጄሶዎቼን ፈንቅዬ ጣልኩ። ማለስለሻ ጣውላዬን፣ ፍራታሶውን አዞርኩት፣ በስፖንጅ አሸሁት፣ በውስጥም በውጭም አሳመርኩት፣ ሲደርቅም ኖራ ቀባንበት። ዳይሬክተሯ ሳትቀር መጥታ "እጅህ ይባረክ" አለችኝ። እንግዳው ለምን እንደሚመጣ ሁላችንም ረስተን ነበር።

ቅዳሜ ኢንጂነሩ መጣ። ፋይል የያዘ ትሁት ወጣት ነው። ክፍሉን ዞረና "ስንጥቁ የታለ?" ብሎ በሶማልኛ ጠየቀ።

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ለእንግዳው ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ በጥርሷ መሃል፣ በአማርኛ "አንተ ሰውዬ፣ ምንድነው የሠራኸው?" አለችኝ።

"ልስን" አልኩ።

ኢንጂነሩ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። ልክ እንደ እኔ! "ይህን የለሰነው ሰው ጎበዝ ነው" አለ። ስንጥቅ ነበር ብለን ሁለታችንም ብንምልለትም፣ እሱ የሚጽፈው ያየውን ነው። እስክሪብቶውን አወጣ። ደወል ተደውሎ ስለነበር ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ። ልጄ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ትከሻዋን ወደ ቦታው መለሰች።

"ልጆቹን አስወጪልኝ!" ብዬ ጮህኩ። አንቱታው ከየት ይምጣ።

ልጆቹ ወጡ። ከቦርሳዬ መዶሻ አወጣሁና ዓይኔን ጨፍኜ መታሁት። ያ ውብ ልስኔ እንደ ቂጣ ተገምሶ ወረደ፤ ከሥሩ አንድ ድንጋይ ተከትሎት ወደቀ፤ በቀዳዳው ፀሐይ ገባ። ኢንጂነሩ እጁን ሰድዶ አወጣ። ቱንቢ ስንጥል ግድግዳው ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ዘሟል። ወጣቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ስንጥቅ የሚደብቅ ሞልቷል ይልሃል" ስትል ዳይሬክተሯ ተረጎመችልኝ፤ "የደበቀውን ራሱ ሲያፈርስ ያየሁት ግን አንተን ብቻ ነው ይላል።"

ክፍሉ እዚያው ታሸገ። ሁለተኛ ክፍሎች የዓመት በዓል መሰላቸው፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ለአራት ለአራት ተሸክመው እየዘፈኑ ግቢውን ዞሩ። ዳይሬክተሯ ቢሮዋን ለቀቀችላቸውና ጠረጴዛዋን በረንዳ ላይ አወጣች። እናቶቹማ ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር "ማሻአላህ!" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ይገባኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ዶፍ ወረደ። አያሃ ሰፈር አንድ የግንባታ ሳይት ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ዳይሬክተሯ ናት። "ግድግዳው ወደቀ። ሁሉም ደህና ናቸው" አለችኝ። ሁለተኛውን ቃሏን ሰምቼዋለሁ፤ እግሬ ግን አልሰማውም። የተሳፈርኩበትን ባጃጅ ጎርፍ ሲይዘው ወርጄ ሮጥኩ።

ግድግዳው ወደ ውጭ ተዘርግቷል፤ ቢሙና ጣሪያው ወደ ውስጥ ወርደው ባዶው ወለል ላይ፣ የልጄ ቦታ ላይ ተከምረዋል። ከቢሮው በኩል የሕፃናት ድምፅ ሰማሁና በሩን በርግጄ ገባሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ ጭቃ ነበርኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ በኀፍረት ቀልታ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

"አባዬ! ትምህርት ላይ ነን እኮ!"

"ይቅርታ" አልኩና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። በረንዳው ላይ ከዳይሬክተሯ ጎን ተቀመጥኩና እየሳቅሁ አለቀስኩ። እሷ ሻርፗን አቀበለችኝ። ከበሩ ኋላ ልጆቹ የሁለትን ማባዣ ጨርሰው የሦስትን ጀመሩ።