የአክስቴ ወረንጦ

ትናንት አዳማ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ሱቅ በደረቴ ወረንጦዎች አንጠልጥሎ ሳየው እግሬ ተያዘ።

ልጅ ሆኜ ወንጂ ስንኖር፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ወረንጦዋን ከማተቧ ጋር አስራ ከአንገቷ አትለያትም ነበር። የዓይን ማዝ የሚሉት በሽታ የዓይኗን ቆብ ቀልብሶት፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየበቀለ ብሌኗን ይወጋት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጅ ላይ ሰሌን አንጥፋ ትጠብቀኛለች።

“ኮቱ ልጄ፣ ነይ፤ ፀሐዩ ሳይሸሽ ንቀይልኝ” ትልና ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች። ከስኳር ፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ ይመጣል። ትንፋሼን ይዤ እያንዳንዷን ፀጉር ስነቅል፣ እንባዋ ጉልበቴን ያሞቀዋል።

“አንቺ ባትኖሪ ታውሬ ነበር” ትለኛለች።

በኋላ አዳማ ኦፕራሲዮን ሆነችና ቆቧ ተስተካከለ። ፋሻው ሲፈታ በደስታ ዘለልኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ነው የማገኘው።

አንድ ቀን ከሰዓት ግን ተነጥፎ አገኘሁት።

“እስቲ እዪልኝ፣ የቆረቆረኝ መሰለኝ” ብላ ተጋደመች።

ቆቧን ገልበጥ አድርጌ አየሁ፤ ንጹሕ ነው።

“ምንም የለም እኮ!”

“ግድ የለም፣ ቀስ ብለሽ ፈልጊ” አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

“እህቴ፣ ልስጥሽ?” አለኝ የመናኸሪያው ሱቅ በደረቴ። የምነቅለው ሳይኖረኝ አንዱን ገዛሁ። ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ ፀሐዩ እስኪሸሽ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ቆየሁ።