አንድ ዓይን የቀረው ጻድቅ

እዚህ ዐረብ አገር፣ አል ናህዳ የምንኖርበት ሕንፃ ኮሪደሩ እየተቀባ ነው። ዛሬ ሹግል ውዬ ከሥራ ስመለስ፣ ከሊፍት ስወጣ የዘይት ቀለሙ ሽታ ተቀበለኝ፤ የአገሬ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

ልጅ ነበርኩ። በጨርቅ ተሥሎ በጭቃ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የጻድቁ ሥዕል፣ ጣራው አፍስሶበት ግማሽ ፊቱ ረገፈ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ የሥዕል ጠጋኝ እንደመፈለግ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሰው አመጣ። እሱም የበር የዘይት ቀለም ለቀለቀበትና፣ የረገፈውን ጎን መሣል ቢያቅተው ጻድቁን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን አስቀረው። ሕዝቡ "እንዴት አበራ!" ብሎ እልል አለ።

አባቴ ብቻ እጄን ጨምድዶ ይዞ "ከሰይጣን ቆጠሩት እኮ!" ብሎ ጮኸ። ያኔ አልገባኝም። ለካ በአባቶቻችን አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው።

ስልኬን ከፈትኩ። እዚህ ያለነው የአገር ልጆች የምንገናኝበት ግሩፕ ላይ አንዱ "የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎች ደብዝዘዋል፣ ከደይራ ገበያ ጥሩ ቀለም ገዝተን እንላክ" ብሏል። ከሥሩ አሜን በአሜን ሆኗል።

እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ኸላስ፣ ይብቃ! መጀመሪያ የጻድቁን ዓይን መልሱ።"