የፈረንጅ ቁጥር የቀማን የውሃ ተራ

ጋሼ መኮንን ዛሬ ጠዋት አካፋቸውን እንደያዙ ቢሮዬ ገቡ። «ተስተካክሏል ብለኸኝ አልነበር?» አሉኝ።

እዚህ ሸዋ ሮቢት ለመስኖ ማኅበራችን የውሃ ተራ በቴክስት የሚልክ ፕሮግራም እሠራለሁ። አንዱን ሰዓት ለሁለት ሰው የሚሰጥበትን ስህተት ትናንት አርሜ ለቅቄ ነበር። ዛሬም ጋሼንና ሼህ ይመርን አንድ ቦይ ላይ አገናኛቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊፈነካከቱ ምንም አልቀራቸው!

ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ፓኬጆች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የሚጫኑ የኮድ ክፍሎች፣ የሚዘረዝር ፋይል አለ። ያንን የሚያነበው ኮድ ከእያንዳንዱ ፓኬጅ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ቨርዥን (እትም) መርጦ ይጭናል። ተራ ለሚያወጣው ፓኬጅ ቁጥር የምንሰጠው ደግሞ በእኛው ዓመተ ምሕረት ነው።

አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ፣ እጁ ይሰበርና፣ አምና ማንንም ሳይጠይቅ የዚህን ፓኬጅ አንድ ቨርዥን በፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ለቀቀ።

ኮዱ ምን ያድርግ? የአምናው በቁጥር ስለሚበልጥ የትናንቱን ትቶ ስህተት ያለበትን አሮጌውን ጫነ።

ደወልኩለት። «ዓለም የሚቆጥረው እንደዚያ ነው» ይለኛል! እንግዲያው ዓለም መጥቶ የሮቢትን ሽንኩርት ያጠጣልን።

ቁጥሩን አስተካክዬዋለሁ፤ የዛሬው ውሃ ግን ጋሼን አልፏቸዋል። ነገሩን ሳስረዳቸው «ባትነካው ኖሮ የእኛ ቁጥር የእሱን መቼ ይደርስበት ነበር?» አሉኝ።

«ከሰባት ዓመት በኋላ።»

«ይህን ለሽንኩርቱ አንተው ንገረው» ብለውኝ አካፋቸውን ተሸክመው ወጡ።

እናንተንስ «ዓለም እንዲህ ነው» እያለ ያቃጠላችሁ ባለሙያ የለም? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልንደድ።