የሲስተር በርቺ ትሎች

ሲስተር በርቺ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ እጃቸው አብሯቸው ጡረታ መውጣትን እንቢ አለ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሆስፒታሉ ጽዳቶች ናቸው። በማዋለጃ ክፍሉ በር ያለፈ ሰው ሁሉ «በርቺ! በርቺ እንጂ!» የሚለውን ድምፃቸውን ሳይሰማ አያልፍም ነበርና። አሁን የሚኖሩት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ነው። ምራታቸው ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለጡረተኛ አዋላጅ ከዚህ የከፋ ፈተና አለ የሚል ካለ መጥቶ ይከራከር።

ምራቲቱ ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ላይ እንደምትለጥፈው ወረቀት፣ ንግግሯም አጭርና ግልጽ ነው።

«እማማ፣ የምወልድ ቀን እርስዎ እዚሁ ቤት ይቆያሉ» አለቻቸው አንድ ቀን።

የሰው ልጅ ሁሉ ሲቀበሉ ኖረው የገዛ ልጃቸውን ልጅ በስልክ ሊሰሙ! ምን በደሉ? ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ረፋድ ላይ ወተት፣ ማታ የሥጋ ሾርባ አልጋዋ ድረስ መውሰድ በደል ነው? «በግራ ጎንሽ ተኚ» ማለት በደል ነው? ሳያንኳኩ የገቡትም ቢሆን ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ልጃቸው ኤሌክትሪሺያን ነው። በሚስቱና በእናቱ መካከል ሆኖ ዋናውን ማጥፊያ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። በመጨረሻ እናቱ ይሠሩበት በነበረው ሆስፒታል ወዳለው ሽማግሌ አትክልተኛ ሄዶ፣ «ለእማዬ እጅ የሚሆን ሥራ ፈልግልኝ» ብሎ ለመነው። አትክልተኛውም በማግስቱ የኩሽና ትርፍራፊ እየበላ ማዳበሪያ የሚያወጣ ቀይ ትል አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ይዞ መጣ።

ልጅየው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቶ ክዳኑንና ታቹን በድሪል በሳሳው። ሲስተር በርቺ አሮጌ ጋዜጣ ቀዳደው፣ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው አነጠፉ። አንድ እፍኝ አፈር በተኑ፣ ትሎቹንም አስገቡ።

«የድንች ልጣጭ፣ የካሮት ጫፍ፣ የተፈላ ሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት» አለ አትክልተኛው። «ያውም ጥቂት ጥቂት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅባት አይነካቸውም። ከዚያ ይተዉአቸው።»

ሲስተር በርቺ ሁሉንም በጥሞና ሰሙ፤ ከመጨረሻው በቀር።

ምራቲቱ ሳጥኑ አማቷ መኝታ ቤት እንዲቀመጥ ፈቀደች። «ግን አንድ ትል ከሳጥኑ ውጭ ካየሁ ሳጥኑ ይወጣል» አለች።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሲስተር በርቺ ክዳኑን በቀን ስድስት ጊዜ መክፈት ጀመሩ። ግድግዳው ላይ እንደ በሽተኛ ካርድ ሠንጠረዥ ለጠፉላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ትሎቹ ከስተው ታዩዋቸው። ትል ከዚያ በላይ እንዴት ሊወፍር እንደሚችል የጠየቃቸው የለም። ምራቲቱ አልበላም ያለችው እንቁላል፣ አልጠጣም ያለችው ወተት፣ የመለሰችው ሾርባ ሁሉ ወደ ሳጥኑ ወረደ። «እናንተ እንኳ ብሉልኝ» ይሏቸዋል። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከጎኑ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ሸጎጡለት።

ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸው ሽታ ነው፤ ያውም አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታ። ክዳኑን ሲያነሡ ግማሹ ሕዝብ የለም። ትሎቹ ኮሪደሩን ይዘው ወደ ሳሎን እየተጓዙ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። ሲስተር በርቺ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በጥንቱ የሆስፒታል መቆንጠጫቸው አንድ በአንድ እየለቀሙ የጋውናቸው ኪስ ውስጥ ይጨምሩ ጀመር።

የምራቲቱ በር ተከፈተ።

«እማማ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«የጆሮ ጌጤ ወድቆብኝ።»

«ሁለቱም ጆሮዎ ላይ ናቸው እኮ።»

«እንግዲያው ሌላው ይሆናል።»

«ላግዝዎት» ብላ ጎንበስ ልትል ስትል «ኧረ እንዳታጎነብሺ!» ብለው ጮኹባት። እሷም ቀና ብላ እግሯን ወደ ቤት ጫማዋ ሰደደች። ጫማው ውስጥ አንድ ትል ቀድሟት ገብቷል። ከዚያ የወጣውን ጩኸት ሲስተር በርቺ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ አልሰሙትም። የሠላሳ አራት ዓመት ልማድ ነውና ከአፋቸው አመለጣቸው፦

«በርቺ ልጄ! በርቺ!»

ይሄኛው ከትሉ ባሰ። ምራቲቱ እንባዋ እየወረደ «እስከ አሥር ሰዓት ሳጥኑ ይውጣ!» ብላ በሩን ዘጋች። ሲስተር በርቺ ቁልፉ ሲዞር ሰሙ። ስልክ አንሥተው አትክልተኛው ጋ ደወሉ።

«ምን አበሏቸው?»

«ምንም። ትንሽ ወተት፣ ትንሽ ሾርባ፣ እንቁላል ሁለት ብቻ። ደግሞ እንዳይበርዳቸው…»

አትክልተኛው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ሲስተር፣ ትሎቹ የሸሹት ከሳጥኑ አይደለም፤ ከእርስዎ ነው። የበሰበሰውን ያውጡ፣ ደረቅ ካርቶን ቀዳደው ይጨምሩ፣ ክዳኑን ከፍተው መብራት ያብሩ። ብርሃን ስለማይወዱ ራሳቸው ወደ ታች ይገባሉ። እርስዎ ብቻ እንዳይነኩ!»

«ለስንት ሰዓት?»

«እስኪገቡ።»

«ከእርስዎ ነው» የምትለው ቃል ውስጣቸው ገብታ ቀረች። የተቆለፈውን በር አዩና አፈሩ።

ኪሳቸው ውስጥ ያሉትን ትሎች ወደ ሳጥኑ መልሰው፣ የታዘዙትን ሁሉ አድርገው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን አላመኑትም፤ ሁለቱንም ጭናቸው ሥር ሸጎጡት። አንዱ ትል የሳጥኑን ግድግዳ ሲወጣ ቀኝ እጃቸው ሾልኮ ወጣ፤ በግራቸው መቱት። ትሉ ደግሞ ጫፍ ደርሶ ዞረና ወረደ። ምራቲቱ ወደ ኩሽና ስታልፍ በክፍቱ በር አየቻቸው። ስትመለስም አየቻቸው። ምሳ ሰዓት አልፎ ስታልፍ እዚያው ናቸው፤ ወተት ያዥ ብሎ የተከተላትም የለም።

አሥር ሰዓት ላይ ልጅየው ሳጥኑን ሊወስድ ጫማውን አድርጎ መጣ። ምራቲቱ ከኋላው ቆማ ወደ ሳጥኑ አንገቷን አሰገገች። ካርቶኑ ላይ አንድም ትል የለም።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምንም።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«እነሱ ያውቁበታል ልጄ። የኔ መቀመጥ ብቻ ነው።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺንም አጨናንቄሻለሁ።»

ምራቲቱ ወደ ባሏ ዞራ «ጫማህን አውልቅ» አለችው። ቀስ ብላ አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«የምወልድ ቀን እንዲህ መቀመጥ ይችላሉ?»

«እንዲህ?»

«እጅዎ እዚያው እንዳለ። ወተት ሳይዙ። በርቺ ሳይሉ።»

«አንዴም?»

«እኔ ከጠየቅሁዎት ብቻ።»

ሲስተር በርቺ አፋቸውን ቢከፍቱ ምን ቃል እንደሚወጣ ስለሚያውቁት፣ ጭንቅላታቸውን ብቻ በእሺታ ነቀነቁ።