እሳተ ገሞራ በከረባት

ወልደሚካኤል እሳተ ገሞራ ሊወጣ ከረባት አሰረ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሹል ጫማውን ወልውሎ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ! ኮቪድ ሁለት ዓመት ቤት ካስቀመጠው በኋላ ጣሊያን መጥቷል፤ ፎቶው ለሚኖርባት ከተማ ለኮሎምበስ አበሻ ሁሉ ይላካላ። ሚስቱ ፋንታዬ ግን የዌርሃውስ ስኒከሯን አጠለቀች።

«በዚህ ጫማ ልታዋርጂኝ ነው?» አላት። «ደግሞ አትችይውም፤ ባስ ውስጥ ጠብቂኝ።»

አሥራ ስድስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትለቅም በፈረቃ አሥር ማይል የረገጠች ሴት፣ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ መኪና ከሚያስነሳ ሰው ይህን ሰማች። የስኒከሯን ክር አጠበቀች። ትንፋሿን ለአቀበቱ ፈለገችው።

ቬሱቪየስ ጠጠርና አመድ ነው። ወልደሚካኤል ሃያ እርምጃ ሄዶ ሁለቴ ተንሸራተተና «ነፋሱ አልተስማማኝም» ብሎ ትኬት መቁረጫው አጠገብ አግዳሚ ላይ ዘፍ አለ። እሷ ወጣች። ከሰዓት በኋላም ያ ተራራ በአመድ የቀበረው የሮማውያን ከተማ፣ ፖምፔይ ሲገቡ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የኖረ ደፍ ላይ ጫማውን አውልቆ ጣቱን ሲያሽ ዋለ።

«ፍርስራሽ ለማየት ይከፈላል እንዴ?» አለ። ፋንታዬ እሱንም ፍርስራሹንም አየት አድርጋ አለፈች።

ኮሎምበስ፣ ሂልቶፕ ሰፈራቸው በተመለሱ በሳምንቱ ጎረቤቶቻቸው አምሃና ሚስቱ መስከረም «እንኳን በሰላም ገባችሁ» ሊሉ መጡ። ወልደሚካኤል ሶፋው መሃል ተንሰራፋ።

«ጫፉ ላይ ስደርስ ጭሱ ፊቴን ሲገርፈኝ! ፋንታዬማ፣ ምስኪን፣ ባስ ውስጥ ጠበቀችኝ።»

ፋንታዬ የያዘችው ሳህን እጇ ላይ ቀረ። ብዙ ውሸቱን አሳልፋለታለች፤ ይሄን ግን አትምርም። በዕድሜዋ ማንም ሳያዛት የወጣችው አቀበት ይሄ ብቻ ነው።

«ፎቶስ?» አለ አምሃ።

«ሞልቷል! ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ፋንታዬ ስልኳን ቲቪው ላይ ኮኔክት አደረገች። የራሷ ፊት የቲቪውን ግማሽ ሞልቶት፣ ከኋላዋ የእሳተ ገሞራው አፍ ይጨሳል።

«ኧረ ጋሼ ወልደሚካኤል፣ ራሷ ናት ያነሳችው! የተዘረጋ ክንዷ ይታያል እኮ» አለች መስከረም።

ፋንታዬ ወደ ቀጣዩ አለፈች። አግዳሚ ላይ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው፤ ከረባቱን ነፋስ ጆሮው ላይ ጠምጥሞበታል።

«ይሄስ ማነው?» አለ አምሃ፣ ሳቁ አፍኖት።

«ጭሱ የገረፈው» አለች ፋንታዬ።

መስከረም እንባዋን እየጠረገች፣ «እስቲ እትዬ ፋንታዬ፣ ጫፉ ምን ይመስላል?» አለች።

ፋንታዬ ሳህኑን ባሏን አስያዘችው፤ ከሶፋው አስነስታ ቦታው ላይ ተቀመጠች።

«አንተም ቀረብ በል» አለችው። «አላየኸውም።»